የባለጉዳይ ድንኳን

በሁለት ሺህ ሰባዎቹ ደሴ ላይ ሰው ጠዋት ከስሶ ከምሳ በፊት ፍርዱን ይዞ ይገባ ነበር። አባት የጀመረውን ክርክር ልጅ ይወርሳል፣ ልጅ ሲደክመው የልጅ ልጅ ቀጠሮ ይቆማል የሚባለው የድሮ ጣጣ ቀረ። ጠበቃ የለ፣ መዝገብ ቤት የለ፣ "ዳኛው ስብሰባ ገብተዋል፣ ከበዓል በኋላ ተመለሱ" የለ። ፈጣን ዳኝነት የሚባል ማኅበር መጣና የሀገሩን ጠብ ሁሉ እንደ እህል በአንድ ጎተራ ከተተው። ክፍያው ከውሃና ከመብራት ጋር ይቆረጣል። ሰዉ ማኅበሩን ባጭሩ ፈጣኑ ይለዋል። የመሬትና የግንብ ነገር ሲሆን ትንሽ ይቆያል እንጂ እውነትም ፈጣን ነበር፤ የጠላትን እንኳ ደግ ጎን መካድ ነውር ነው።

ፈጣኑ የሚኖረው ፋይል በመዝጋት ነው። ፈርዶ ቢዘጋው ያው፣ ተከራካሪዎቹ ታርቀው ቢዘጋ ያው፤ ለሱ ሁሉም አንድ ነው። እንዲያውም ዕርቁ ይቀለዋል፤ ማስረጃ ማገላበጥ የለበትም። ስለዚህ የሀገር ሽማግሌ እንዴት ሲያስታርቅ እንደኖረ ቁጭ ብሎ ተማረ። የተማረውም ልክ ነው። በዚህ ሀገር ሰው ታረቀ የሚባለው ሲፈርም አይደለም። ሲተቃቀፍ ነው። ከአንድ ሳህን ሲጎርስ ነው። "እንዴት አደርሽ" ሲሏት "አልሐምዱሊላህ" ብላ ስትመልስ ነው። ፈጣኑ ይችን ያዘና ሕግ አደረጋት።

የከሰሰም የተከሰሰም አንገቱ ላይ አንድ ነገር ይንጠለጠልለታል። ጥቁር ነው፣ አውራ ጣት ያህላል፤ ሰዉ ክታብ ይለዋል። ክታቡ ያያል፣ ይሰማል። ሁለቱ ባላጋራዎች አንድ ነገር አብረው ከቀመሱ፣ ወይ ሰላም ተባብለው ከተመላለሱ፣ ፋይሉ "በሰላም" ተብሎ ይዘጋል። ነገሩም ባለበት ይጸናል፤ የወሰደ እንደወሰደ፣ ያጠረ እንዳጠረ ይቀራል። ዳግመኛ መክሰስ የለም።

በመጀመሪያው ዓመት ሰዉ ሳቀ። በሁለተኛው ዓመት ሰላምታ ከደሴ ጠፋ።

ማን በማን ላይ ፋይል እንዳለው አይታወቅማ። ከአራዳ ወደ ቧንቧ ውሃ ሲወረድ ከፊት ሰው ከመጣ መንገደኛው ወደ አጥር ዞሮ ያልፋል። ሱቅ የገባ ሰው የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል፣ ተቀብሎ ይወጣል። እናት ልጇን ትምህርት ቤት ስትሸኝ "ደብተርሽን ያዝሽ?" ትልና "ለማንም እንዳትመልሺ" ብላ ትጨምራለች። መስጊድ ውስጥ ሶላት ሲያልቅ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞሮ "አሰላሙ ዓለይኩም" ማለት አለ፤ ፈጣኑ ይህን አልቆጥርም ብሎ አስነገረ፤ ያም ሆኖ ባላጋራው ጎን ቆሞ የሚሰግድ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያንም ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል ምእመኑ መሬት መሬቱን ያያል። ሰርግ ላይ ምግቡ በየሰዉ ታሽጎ ይመጣል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሁለት ድንኳን ይተከላል። ትልቁ እንደ ድሮው ነው። ትንሹ የባለጉዳይ ድንኳን ይባላል፤ ከሐዘንተኛው ቤት ጋር ክስ ያለበት ሰው እዚያ ይገባል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ የሚበላውን ከቤቱ ቋጥሮ ይመጣል። እድሩ ድስትና ወንበር እንደሚገዛ ይህንንም ገዛው። ማንም አልደነገጠም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው።

ጦይባ ይመር የምትኖረው ከሆጤ በላይ፣ ገደል ጥግ ነው። ቤቷ ከባንችአምላክ ግቢ ጀርባ ነው፤ መውጫዋ በባንችአምላክ ግቢ የምታልፍ አንዲት ቀጭን መንገድ ብቻ ነበረች። ማን ፈቀደ፣ ማን ፈረመ ያልተባለላት፣ ከእናቶቻቸው ጀምሮ የተኬደባት መንገድ ናት። ባንችአምላክ ክርስቲያን ናት፣ ጦይባ እስላም፤ ለሥጋ ካልሆነ በቀር ሁለቱ ቤት ሳህን ለይቶ አያውቅም። ባንችአምላክ ልጇን ይበልጣልን ወልዳ በታመመች ጊዜ ጦይባ ናት ያጠባችው፤ ከራሷ ልጅ፣ አሁን ሩቅ አገር ካለችው ከሰዓዳ ጋር ግራና ቀኝ አድርጋ። በእስልምናው ይበልጣል ልጇ ነው፤ ሰዓዳን ማግባት እንኳ አይችልም። እሱም "እናቴ" የሚለው ሁለቱንም ነበር።

መንገዱን የዘጋው ይኸው የጡት ልጅ ነው። በሰማይ ዕቃ የሚያመላልስ ድርጅት ግቢያቸውን ለማሳረፊያ ፈለገው፤ ዙሪያው ካልታጠረ አልከራይም አለ። ይበልጣል ግንብ አቆመ። የጦይባ መንገድ ግንቡ ውስጥ ቀረ።

"እናቴ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ነው" አላት፣ ዓይኑን ግንቡ ላይ አድርጎ።

"ክረምቱ ሲያልፍ ግንቡ ይሟሟል?" አለችው።

ከዚያ ወዲህ እሷ ባለችበት መቆም ተወ።

ጦይባ ለራሷ መውጣት አላቃታትም። በገደሉ በኩል መሰላል ተክላ፣ ቀሚሷን በጥርሷ ነክሳ እንደ ጦጣ ትወርዳለች። ያቃተው ባሏ ሁሴን ነው። ሁሴን በደህናው ዘመን የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ደም ግፊት ከመታው ወዲህ ግራ ጎኑ አይታዘዘውም። ጦይባ በየጠዋቱ በጎማ ወንበር እየገፋች በዚያች መንገድ ታወጣውና ባንችአምላክ በር ፊት ፀሐይ ላይ ታስቀምጠው ነበር። እዚያ ሆኖ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሰላም ይላል፤ ሰላምታ ከከተማው ከጠፋ በኋላ እንኳ እሱ አልተወም። "እኔ ማንንም አልከሰስኩ፣ ማንም አልከሰሰኝ፤ ምን አገደኝ" ይላል። ሰዎች ባይመልሱለትም ሲያልፉ ቀስ ይሉ ነበር።

ግንቡ ከቆመ ወዲህ ሁሴን ፀሐይ አላየም። ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ሐኪም ቤቱ "ታማሚው ይምጣ" አለ፤ መሰላል የሚወጣ ሐኪም የለም። የተኛበት ጀርባው መቁሰል ጀመረ። ጦይባ በየጠዋቱ ቁስሉን ስታጥበው እሱ ግድግዳውን ያያል፣ እሷ ግንቡን ትረግማለች።

ስለዚህ ከሰሰች። የጡት ልጇን ላለመክሰስ ብላ እናቱን ከሰሰች፤ ግቢው በባንችአምላክ ስም ነው። ክታብ ለሁለቱም አንገት ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ግንቡን መሀል አድርገው አንዷ የሌላዋን ሳል እየሰማች ዝም አሉ።

የፈጣኑ ቅርንጫፍ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ ድሮ ፀጉር ቤት የነበረች አንዲት ክፍል ናት። ውስጧ የፈጣኑ ጽሑፍ የሚበራበት አንድ መስኮትና አቶ ልሳነወርቅ አሉ። አቶ ልሳነወርቅ በዱሮው ዘመን ጠበቃ ነበር፤ ከረባቱን ዛሬም አልፈታም። አሁን ሥራው መስኮቱ የሚለውን ማንበብ ለማይችል ሰው በሰው አፍ መንገር ነው።

"እትዬ ጦይባ፣ ጥሩ ወሬ አለኝ" አላት አንድ ሰኞ። "እርስዎ በመንገዱ ሲመላለሱ ከሰማይ የተነሳ ምስል ተገኝቷል። ከድሮ ጀምሮ ያለ። አቶ ሁሴንም በወንበር ሲገፉ ይታያሉ። ሐሙስ ውሳኔ ይነገራል፤ ያሸንፋሉ።"

"አንተ ነህ ያሸነፍክልኝ?"

"እኔማ ምን አለኝ። እኔ ብይዘው ኖሮ ገና ቀጠሮ ላይ ነበርን።"

"እሱስ ልክ ብለሃል። አባቴ ለአንድ የማሳ ድንበር ጠበቃ ገዝቶ፣ ጠበቃው ልጆቹን አስተምሮ ዳረበት። ድንበሩ ዛሬም እዚያው ነው።"

ልሳነወርቅ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። "ብቻ አንድ ነገር። እስከ ሐሙስ ከወይዘሮ ባንችአምላክ ጋር ምንም እንዳይኖር። ሰላምታ የለ፣ መቅመስ የለ። ባለፈው አንዱ ባላጋራው ሲያስነጥስ 'ይማርህ' ብሎት ቤቱን አጣ።"

"እኔ ምን ቆርጦኝ ይማርሽ እላታለሁ።"

"ሰው ያመልጠዋል እትዬ። አፍ የለመደውን ነው የሚለው።"

"የኔ አፍ የለመደው ስድብ ነው" አለችና ወጣች። እቤት ገብታ ወንበሩን አቧራውን ጠረገችው፤ ጎማውን በዘይት አሸችው። ሁሴን የብረቱን ድምፅ ሲሰማ በደህና ጎኑ ፈገግ አለ።

በዚያው ማታ ይበልጣል ሞተ። ጢጣ መውረጃ ላይ ሞተሩ ይዞት ገደል ገባ።

ጦይባ መርዶውን የሰማችው ከግንቡ ማዶ ነው። ባንችአምላክ የጮኸችው አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሰማው የሌላ ሰው ጩኸት ነው። ጦይባ እጇ ላይ የነበረውን ጣሳ ጥላ ሮጠች፣ ግንቡ ላይ ሁለት መዳፏን ለጠፈች። "ባንቺ" ልትል አፏን ከፈተች። ክታቡ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አፏን በእጇ ያዘችው።

"ማን ነው? ማን ሞተ?" አለ ሁሴን ከውስጥ።

"ይበልጣል።"

ሁሴን በደህና እጁ ፊቱን ሸፈነ። "ያ ረቢ፣ ልጄን" አለ። እጁን ከፊቱ አወረደና፣ "ሂጂ" አላት። "እኔን ተይኝና ሂጂ።"

"እሄዳለሁ። እድሩ ትንሹን ድንኳን ይተክላል፤ እዚያ እቀመጣለሁ።"

"ትንሹን ድንኳን? አንቺ? ለይበልጣል?"

"ሐሙስ እኮ ፍርድ ነው ሁሴን።"

"ያጠባሽው ልጅ ነው።"

"ግንቡን ያቆመውስ ማን ነው? ጡቴን ጠጥቶ በሬን የዘጋ እሱ ነው። ከራስ በላይ ንፋስ።" ቃሏ እንዲህ ይበል እንጂ ድምጿ ሌላ ነበር።

ሁሴን ክርክር ድሮም አይወድም። "እሺ" አለ። "ከወደድሽው ድንኳን ተቀመጪ። ብቻ ከንፍሮው አንድ እፍኝ አምጪልኝ። እኔ ተነስቼ መሄድ አልችልም፤ የልጄን የለቅሶ እህል ቀምሻለሁ ልበል።"

"አመጣልሃለሁ" አለች። እንዴት እንደምታመጣው አላሰበችም።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ጦይባ በመሰላሏ ወርዳ፣ ዞራ፣ በባንችአምላክ ደጅ መጣች። ትልቁ ድንኳን ሰው ሞልቶታል። እሷ ትንሹን ገልጣ ገባች። ውስጡ ጥቂት ሰዎች ክታባቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ሸራው አዙረው ተቀምጠዋል። አንዱ ይበልጣል ሰርቶለት ስላፈሰሰ ጣሪያ የከሰሰ ነው፤ አንዱ ስለ ውሻ ነው። የቋጠሩትን ዳቦ ከጉያቸው እያወጡ ይቆርሳሉ። እንብላ የሚል የለም። ከትልቁ ድንኳን የአልቃሿ ድምፅ ይመጣል። ይበልጣልን ታነሳዋለች፣ ቁመቱን፣ ሳቁን፣ ሞተሩን። "ሁለት እናት ያጠባችው" ስትል ጦይባ ሸራውን በጥፍሯ ያዘችው። እንባዋን ለቀቀችው። ለብቻ የሚፈስ እንባ ክታቡ አይቆጥረውም።

አጠገቧ የተቀመጠችው ፀዳለ የምትባል ልብስ ሰፊ ናት። "ተጠንቀቂ እትዬ" አለቻት በሹክሹክታ። "በቀደም ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዱ የእናቱን ሬሳ አጋድሞ ለባላጋራው ውሃ ይዞለት መጣ። 'አልቅሰህ ደከመህ፣ ጠጣ፣ ምንም አይደለም' አለው። ጠጣ። አለቀ፣ ፋይሉ ተዘጋ። ኋላ ሰው ቢወቅሰው 'እናቴም በሕይወት ብትኖር ይህንኑ ትመክረኝ ነበር' አለ።"

"ሰው እንዲህ ረክሷል?"

"ረክሷል አይባልም። ሠልጥኗል ነው የሚባለው።"

የድንኳኑ መግቢያ ተገለጠ። ባንችአምላክ ናት። ሐዘንተኛ ከተቀመጠችበት ተነስታ ባለጉዳይ ድንኳን ስትገባ ታይቶ አይታወቅም፤ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ሸራው ይበልጥ ተጠጋ። ነጠላዋን እስከ አገጯ ተጠምጥማለች፣ አንገቷ አይታይም። ፊቷን ቧጣዋለች። በቀኝ እፍኟ ንፍሮ ይዛለች፣ ስንዴና ሽምብራ፤ ገና ይተናል።

ጦይባ ፊት መጥታ ቆመች። ሰላም አላለችም። እጇን ብቻ ዘረጋች።

"ብይ" አለች።

ጦይባ እጁን አየችው። ታውቀዋለች። ሰዓዳ ስትወለድ መጀመሪያ የተቀበላት ይህ እጅ ነው።

"ብይ ጦይብዬ። ምንም አይሆንም። እኔ ጨርሻለሁ።"

"ምኑን ነው የጨረስሽው?"

"ሁሉንም።"

የጦይባ ልብ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው፣ ልጅሽ አይደለም ወይ፣ አፍሽን ክፈቺ አላት። ሁለተኛው የሁሴንን ጀርባ አሳያት፣ ጠዋት ያጠበችውን ቁስል። ምንም አይሆንም ሁሉም የሚለው ቃል ነው፤ ውሃ የያዘውም ሰውዬ ብሎታል። ደግሞ ክታቧን በነጠላ የሸፈነችው ለምንድን ነው? ልጇን ዛሬ ቀብራ ባለጉዳይ ድንኳን ምን አመጣት፣ ሐሙስ ደርሶ ባይሆን? እንዲህ እያለች አሰበች። ያሰበችው ክፉ ሆና አይደለም፤ ከተማው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያስበው። የሰው እንባ ሲያይ መጀመሪያ ስለ ፋይሉ የማይጠይቅ ሰው ያን ጊዜ ደሴ ላይ ሞኝ ይባል ነበር።

ፀዳለ ከኋላ ቀሚሷን ሳብ አደረገቻት።

"እቤቴ በልቼ ነው የመጣሁ" አለች ጦይባ።

ባንችአምላክ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። "ለሁሴንስ?" አለች። "ለሁሴን አትይዥለትም?"

ይቺ ናት የከበደችው። ጦይባ ዞረች። ጀርባዋን ሰጠቻት፣ ግንባሯን ሸራው ላይ አደረገች። የባንችአምላክ ትንፋሽ ከኋላዋ ይሰማታል። ቆይቶ ቆይቶ ንፍሮው መሬት ላይ ሲፈስ ሰማች። አልተወረወረም። እጁ ነው የላላው።

እቤት ስትገባ ሁሴን መዳፉን አልጋው ጠርዝ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃታል።

"የለም" አለች።

ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው።

ሐሙስ ቅርንጫፉ በር ላይ ሰው ሁሉ ተራርቆ ተሰልፎ ነበር። ጦይባ ተራዋ ሲደርስ ልሳነወርቅ ከመቀመጫው ተነሳ።

"እንኳን ደስ ያለዎት። መንገዱ የእርስዎ ነው። ነገ ጠዋት ማሽን መጥቶ ግንቡን ያፈርሰዋል።"

"ምስሉ ነው የረታው?"

"ምስሉ አላስፈለገም። ወይዘሮ ባንችአምላክ አመኑ።"

"ምኑን?"

"ክሱን ነዋ። ልጃቸው በሞተ በማግስቱ፣ ሬሳው ከቤት ሳይወጣ እዚህ መጡ። እኔው ነኝ ያስገባኋቸው። 'ጥፋቱ የኛ ነው፣ መንገዷን ስጧት፣ ይህን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ልጄን አልቀብርም' አሉ። ክታቡን እዚህ መስኮት ላይ ፈትተው ጥለው ሄዱ።"

ጦይባ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። "ከቀብሩ በፊት?"

"ከቀብሩ በፊት።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"የመሬት ውሳኔ የሚነገረው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ባንድ ላይ ሲሆን ይፈጥናል።"

"እንግዲያ ያን ጊዜ ንፍሮውን ብበላ ኖሮ..."

"የቱን ንፍሮ?"

"የለቅሶውን። በእጇ ይዛልኝ መጥታ ነበር።"

ልሳነወርቅ መስኮቱን አየ፣ እሷን አየ። "ያመኑበት ነገር ተመልሶ አይታረቅም እትዬ። አሥር ሳህን ቢበሉ ምንም አይሆንም ነበር።"

ልሳነወርቅ ወሬውን ቀጠለ። "እኛ በነበርንበት ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ እየተሰዳደቡ ይጠብቁ ነበር። ቀጠሮው ሲራዘም፣ ሲራዘም፣ መሰዳደቡ ይሰለቻቸውና አንድ ሻይ ቤት ገብተው ይገኛሉ። እኔ ራሴ ስንት ደንበኛ በሻይ አጣሁ። ያ ሁሉ ብክነት ነው ተብሎ ቀረ።"

"ዝም በል" አለችው ጦይባ። ክታቧን ከአንገቷ በጥሳ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

ማሽኑ ዓርብ ማለዳ መጣ። ግንቡን ለማፍረስ የፈጀበት ጊዜ ሰው ፊቱን ታጥቦ እስኪያደርቅ ነው። ፍርስራሹን ጠርጎ፣ መንገዱን ከዱሮው አስፍቶ፣ ጠጠር አልብሶ ሄደ። ጦይባ ከቤቷ ወጥታ በእግሯ ሄደችበት። ባንችአምላክ በሯ ላይ፣ ሁሴን ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተላጭታለች። አንገቷ ባዶ ነው።

ጦይባ ፊቷ ቆመች።

"ባንቺ" አለች። "እኔ እንደዚያ መስሎኝ አልነበረም። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን..."

ባንችአምላክ ቀና ብላ አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢሆን ጦይባ መልስ ነበራት።

"መንገዱ ተሰጥቶሻል" አለቻት። "ሂጂበት።"

ጦይባ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ውሃ አሞቀች፣ ሁሴንን አጠበችው፣ ነጭ ጀለቢያውን አለበሰችው። ብዙ ነውር አለባት እንጂ ውሸት የለባትም፤ እያጠበችው ሁሉንም ነገረችው፣ ንፍሮውንም፣ መስኮቱ ላይ የሰማችውንም፣ ባንችአምላክ በሯ ላይ ያለቻትንም። ሁሴን ሳያቋርጣት ሰማ። ወንበሩን አልጋው አጠገብ አመጣችና እጇን ብብቱ ውስጥ አስገባች።

"ባንቺ አሁንም በሯ ላይ ናት?" አላት።

"ናት።"

"በፊቷ ነው የምታሳልፊኝ?"

"መንገዱ በዚያ ነው። ሌላ የለም።"

"እንግዲያው አልወጣም።"

"ሁሴን፣ ጀርባህ ሊበሰብስ ነው። ሐኪሙ ዛሬ ይጠብቀናል።"

"እድሜዬን ሙሉ ጅቡቲ ተመላልሻለሁ" አለ። ድምፁ ደካማ ነው፤ ቃሉን ግን አንድም አልዋጠም። "አፋር በረሃ ላይ የማላውቀው ሰው ሬሳ ሳይ መኪናዬን አቁሜ ወርጃለሁ። ሳልወርድ ያለፍኩት ሬሳ የለም። የይበልጣልን እናት በወንበር እየተገፋሁ፣ ፀሐይ ልሞቅ ነው ብዬ አላልፋትም። ምን ብዬ ሰላም እላታለሁ? ዝም ብዬ ባልፍስ ምን እሆናለሁ?"

"ላንተ ብዬ ነው ያደረግኩት።"

"አውቃለሁ።"

"እና ለምን ትቀጣኛለህ?"

"አልቀጣሁሽም ጦይቤ። አፈርኩ።"

እንዲህ ብሏት አያውቅም። በልጅነቷ ያገባችው ሰው ነው፤ ተጣልተው፣ ተራርበው፣ ከሰዓዳ ሌላ የወለዱትን ልጅ ቀብረው ያውቃሉ። አፈርኩ ብሏት ግን አያውቅም። ልትሰድበው አሰበች፤ ስድቡ አልመጣላትም። ልትለምነው አሰበች፤ መለመን አልለመደችም። እጇን ከብብቱ አወጣችና ትራሱን አስተካከለችለት። ወንበሩን እየገፋች ግድግዳው ጥግ መለሰችው።

ፀሐይዋ በአዲሱ መንገድ ገብታ ደፉን አልፋ ወለሉ ላይ ደርሳለች፣ አልጋው እግር ድረስ።

"በሩን ዝጊው" አለ ሁሴን። "ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ።"

ጦይባ በሩን ዘጋችውና ጀርባዋን አስደግፋው ቆመች። ከውጭ ጠጠሩ ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል። መንገዱ ሰፊ ነውና ሰፈሩ ለአቋራጭ ወዶታል፤ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፣ ሁለት መንገደኛ ሲገናኝ ጠጠሩ ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ይቀጥላል። የሚናገር የለም።